ኔትወርክ የጠፋበት ሌሊት

እኔ የኮምፒዩተር ሰው አይደለሁም፤ የምኖረው ግን በኮምፒዩተር ሰዎች ከተማ በማውንቴን ቪው ነው። ከቤቴ ወጥቼ በሾርላይን መንገድ ወደ ሰሜን ብነዳ የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየምን አልፌ ጉግል ግቢ እደርሳለሁ። ጥቂት ማይል ራቅ ብላ በምትገኘው በሜንሎ ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ምሽት፣ በኋላ ኢንተርኔት የሆነው መረብ የመጀመሪያ መልእክቱን ከሎስ አንጀለስ ተቀብሏል። ሊላክ የታሰበው «ሎግኢን» የሚል ቃል ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ፊደል እንደደረሰ ማሽኑ ቀጥ አለ። እንግዲህ ኢንተርኔት ገና በተወለደበት ምሽት ተቋርጧል ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት በእኔ ቤት ለደረሰው ነገር መጽናኛ እንዲሆነኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በኖቬምበር 2023 ነው። ደብረ ማርቆስ የምትኖር የእህቴ ልጅ አለችኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ነርስነት ተምራ፣ ሥራ ስትጠብቅ የቆየች ልጅ ናት። በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ ከተማው ውስጥ ካለ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ዲቪ ትሞላ ነበር። በዚያ ዓመት ግን፣ እንደምታስታውሱት፣ በኦገስት መጀመሪያ በአማራ ክልል ውጊያው ሲበረታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቀረ። ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን አይሠራም። ሲሠራም የምንሰማው ያንኑ ነው፤ «ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም»። እኔም ይህን ቃል ሦስት ወር ሙሉ ስሰማ ከርሜ፣ የኔትወርክ መጥፋት የእነሱ ዕጣ፣ የኔትወርክ መኖር ደግሞ የእኔ ሀብት መስሎኝ ነበር።

«እኔ እሞላልሻለሁ» አልኳት። እኔ ራሴ ወደዚህ አገር የመጣሁት በዲቪ ነው። ያኔ ስምና አድራሻችንን በወረቀት ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን ነበር የምንልከው፤ ከዲቪ-2005 ጀምሮ ግን በኢንተርኔት ካልሆነ አይቀበሉም። የዲቪ-2025 መመዝገቢያ የሚዘጋው ኖቬምበር 7 ቀን 2023፣ በምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ይኸውም በእኛ በካሊፎርኒያ ፈረንጆቹ ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚሉት፣ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራውን ሰዓት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ቅጹ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ፎቶው ነው። በስድስት ወር ውስጥ የተነሣ፣ 600 በ600 ፒክስል የሆነ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። ልጅቷ ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት ተነሥታ፣ በፍላሽ አስገልብጣ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጠችው። መንገዱ ተዘግቶ ሰውየው ደጀን ላይ ቀናት አደረ። በመጨረሻ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ የአክስቷ ልጅ ተቀብሎ ላከልኝ። እዚያው አዲስ አበባ ለምን አልተሞላም ብትሉ፣ ካሁን ቀደም አንድ የምናውቃት ልጅ ሞላልሽ ያላት ሰው የማረጋገጫ ቁጥሯን ይዞ ገንዘብ አምጪ ብሏት ስለነበር ቤተሰቡ ሁሉ እኔን አምኖ ነው። ፎቶው እጄ የገባው ሰኞ ኖቬምበር 6 ጠዋት ነው። ሥራ ከመግባቴ በፊት በልኩ ቆርጬ ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀመጥኩና «ማታ ስመለስ እሞላዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። የእኔ ማታ ማለት፣ ሳን ሆዜ ከምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ስወጣ ነው።

ኮምፒዩተራችን አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዊንዶውስ ከብዶት አላንቀሳቅስ ሲለው፣ ዴቪስ የሚማረው ልጄ ያንን አጥፍቶ ሊኑክስ ጫነበት። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ከዚያ በየአገሩ ያለ ባለሙያ እየተጋገዘ አሳደገው፤ ገንዘብም አይከፈልበትም። ደቦ በሉት። የእኛው ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት ነው። ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። ክፋቱ፣ ሲያምጽ የሚያስታርቀን ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ እርግጥ ማውንቴን ቪው ውስጥ አዋቂው ሞልቷል፣ ግን በእኩለ ሌሊት የማን በር ይንኳኳል? ስለዚህ ልጄ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ አንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። ርዕሱ «አባዬ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ» ይላል። ቀጥሎ «ከቅርብ ጀምር፣ ወደ ሩቅ ሂድ» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሁሉም እየመለሱልህ ገጽ እንቢ ካለ ደውልልኝ» ብሎ ከሥሩ አስምሮበታል።

ምሽት 5 ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ የዲቪውን ገጽ ስከፍት ፋየርፎክስ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አወጣብኝ። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ «አልተገናኘም» የሚለውን አይቼ የቀረውን አላነበብኩም። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ሰው በዝቶበት ነው ብዬ ደመደምኩ። መመሪያውም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሳምንት አትቆዩ፣ ይጨናነቃል ይላል። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ኢሜይሌን ሞከርኩ፤ ያው። የባንኩን ገጽ፤ ያው። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ዲቪ አይሞላም። ጥፋቱን ከአሜሪካ መንግሥት ላይ አንሥቼ ኢንተርኔት በሚያቀርብልን ድርጅት ላይ ጣልኩት።

«ስልክህስ?» ትሉኝ ይሆናል። ስልኬ በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ወድቆ መስታወቱ ደቅቆ ነበር፤ በእጄ የነበረው ከመሳቢያ ያወጣሁት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ላይ ናት፤ ቤት የምትደርሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ያውም አውራ ጎዳናው ከፈቀደላት። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ኮምፒዩተር የትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከፈቀደው ገጽ ውጭ አይወጣም። ቤተ መጻሕፍቱ በር የሚከፍተው የዲቪው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ለአዲስ አበባው ልጅ ደውዬ «አንተው ሙላላት» ልለው ስልኩን አንሥቼ ነበር፤ ግን በአንድ ሰው ስም ሁለት ማመልከቻ ከገባ ሁለቱም ይሰረዛሉ። እሱም ሞልቶ፣ የእኔም ድንገት ተከፍቶ፣ ተደናግረን ሁለት ጊዜ ብንልክ የልጅቷን ዕድል በገዛ እጃችን ቀበርነው ማለት ነው። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ሴት በትሕትና «በአካባቢዎ የተቋረጠ መስመር የለም» አለችኝ። አላመንኳትም። ደብረ ማርቆስም ቢሆን የሚጠየቅ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው እያልኩ ዘጋሁት። ከዚያም የሠራሁትን ስናገር አፍራለሁ፤ ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ወጋኋት። ለካስ ያቺ ቀዳዳ ራውተሩን እንደ ተገዛበት ቀን አድርጋ የምትመልስ ናት። የዋይፋዩ ስምም የይለፍ ቃሉም ጠፋ። ከሥሩ የተለጠፈችውን ደቃቅ ጽሑፍ በባትሪ መብራት እያነበብኩ መልሼ እስካስገባ አንድ ሰዓት አለፈ። ገጹ አሁንም እንቢ አለ። በእኩለ ሌሊት ተሰብሮ ያልነበረን ነገር ሰብሬ ጠገንኩ ማለት ነው።

ያኔ ነው ወረቀቱን ቀና ብዬ ያየሁት። ልጄ የጻፈልኝ ሁሉ በጥቁሩ መስኮት ውስጥ የሚጻፍ ነው፤ ዋናው ቃልም «ፒንግ» ነው። ፒንግን እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት መርከቦች ከባሕር በታች ያለውን ነገር ለማወቅ ከሚልኩት ድምፅ ነው፤ ድምፁ ነጥሮ ከተመለሰ እዚያ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ግን የአገር ቤቱን እንግዳ ነው የሚያስታውሰኝ፤ አጥሩ ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ «ማነው?» የሚል ድምፅ ከሰማ ሰው አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ራስህን ጥራ ይላል ወረቀቱ፤ 127.0.0.1። ሰው ራሱን ሲጠራ ቂል ይመስላል፤ ዓላማው ግን ኮምፒዩተሩ ከገዛ ራሱ ጋር መነጋገር መቻሉን ማረጋገጥ ነው። መለሰ። ቀጥሎ ራውተሩን፤ 192.168.1.1። እሱም መለሰ፤ ስለዚህ ዋይፋዩ ደኅና ነው። ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለውን፤ 8.8.8.8። ይህ ጉግል ለሕዝብ የከፈተው አድራሻ ነው፤ የጎረቤቴን ቁጥር ግድግዳዬ ላይ ማየቴ ሁልጊዜ ያስቀኛል። በአንድ ሴኮንድ ክፍልፋይ መለሰ፤ ስለዚህ ያቺ ትሑት ሴት አልዋሸችኝም። የመጨረሻው በቁጥር ሳይሆን በስም መጥራት ነው። ኮምፒዩተር እርስ በርሱ የሚተዋወቀው በቁጥር ስለሆነ፣ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥለት ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር የማያውቀውን እንግዳ «የእነ እገሌ ቤት ያው ያኛው ነው» ብሎ እንደሚጠቁም የሰፈር ልጅ ማለት ነው። በስም ጠራሁ። መለሰ።

ሁሉም መለሱ! ገጽ ግን አንድም አይከፈትም። የልጅቷን የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ከቦርሳዋ አውጥቼ ከፈትኩት፤ በዚያው ዋይፋይ የሒሳብ የቤት ሥራዋ ፏ ብሎ ተከፈተ። እንግዲህ ጥፋቱ የመንግሥቱም፣ የድርጅቱም፣ የራውተሩም አይደለም፤ ከፊቴ የተቀመጠው ላፕቶፕ ነው። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ከዚያም በኋላ አላረፍኩም፤ ጥፋቱን ከላፕቶፑ ወደ ሊኑክስ፣ ከሊኑክስ ደግሞ ጫነብኝ ወዳልኩት ልጄ አሻገርኩት። «ነጻ ነገር ይኸው ነው» እያልኩ ብቻዬን ማጉረምረም ጀመርኩ።

ወረቀቱ «ደውልልኝ» ይላል። ሳልደውል ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። እውነቱን ልናገር፤ አባት ነኝ፣ ልጄ ተኝቷል፣ ነገ ፈተና ይኖረው ይሆናል ብዬ ሳይሆን፣ እኔ እሞላልሻለሁ ብዬ ስኩራራ ቆይቼ በሌሊት ልጅ መቀስቀሱ ስለከበደኝ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ደግሜ አጠፋሁ፣ ደግሜ አበራሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ሲል በደብረ ማርቆስ ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑን አሰብኩ፤ ልጅቷ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ደወልኩ።

«አባዬ? ምን ሆናችሁ?» አለ በድንጋጤ። በሌሊት የሚደወል ስልክ ለእኛ ለስደተኞች ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ደኅና ነን። ኢንተርኔቱ ነው።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ፒንግ አደረግህ?»

«ሁሉም መለሱ።»

«ጥሩ። ገጹ ምን ይልሃል?»

«አልተገናኘም ይላል።»

«አይደለም አባዬ፣ ያለውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንብብልኝ።»

መነጽሬን አስተካክዬ እንደ ዳዊት ደጋሚ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ሦስት መስመር ያህል እንደሄድኩ «ኮምፒዩተርዎ ቀኑ ኖቬምበር 7 ቀን 2016 ነው ብሎ ስለሚያስብ...» የሚል መጣ፤ እሱንም አንብቤ ቀጠልኩ።

«ቆይ፣ ቆይ። ስንት አልክ?»

«ኖቬምበር 7 ቀን 2016።»

«2016?»

«አዎ፣ 2016 ነዋ! ታዲያ ስንት ሊሆን ነው?»

ጸጥ አለ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ከአልጋው የሚወድቅ ነበር የመሰለኝ። እኔም ለመቆጣት አፌን ስከፍት ነው የገባኝ። በእኛ አቆጣጠር ያ ሌሊት ለጥቅምት 27 ቀን 2016 አጥቢያ ነበር። ዓይኔ 2016ን ሲያይ ምንም አልጎረበጠውም። ለፋየርፎክስ ግን 2016 ማለት ከሰባት ዓመት በፊት ነው።

ልጄ ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የተቆለፈ ገጽ መታወቂያ አለው፤ መታወቂያው ላይ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ መታወቂያ ከ398 ቀን በላይ ዕድሜ አይሰጠውም ነበር፤ ስለዚህ በኖቬምበር 2023 የምናገኘው መታወቂያ ሁሉ ቢበዛ በ2022 የተሰጠ ነው። 2016 ላይ ለቆመ ኮምፒዩተር ይህ ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ነው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ከሰባት ዓመት በኋላ ታተመ የሚል መታወቂያ ቢያሳዩት ምን ያደርጋል? አያስገባም። ፒንግ ደግሞ መታወቂያ አይጠይቅም፤ «ቤቶች!» ማለት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም እየመለሱ ማንም ያላስገባኝ። ከላይ ያለችው ሰዓት ደግሞ ወሩንና ቀኑን እንጂ ዓመቱን አታሳይም፤ ብታሳይም ኖሮ፣ እንዳያችሁት፣ እኔ አላስተውለውም ነበር።

ልጄ ያዘዘኝን አንዲት መስመር በጥቁሩ መስኮት ጻፍኩ፤ ኮምፒዩተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ የምታደርግ ናት። የዲቪው ገጽ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተከፈተ። ስም፣ የትውልድ ቀን (እሱንም ወደ ፈረንጅ ስመልስ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ እንግዲህ ማን ያምነኛል)፣ ፎቶ፣ ትምህርት። ላክ የሚለውን ስጫን እጄ ተንቀጠቀጠ። የማረጋገጫ ቁጥሩ ወጣ። በወረቀት ላይ ገለበጥኩት፣ በሌላ ወረቀትም ገለበጥኩት፤ አትሜም አስቀመጥኩት።

አማቴ ለጸሎት ሲነሡ እዚያው ቁጭ ብዬ አገኙኝ። ማን ዓመቱን እንደነካው ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። «እማማ፣ ይህን ኮምፒዩተር ማን ነክቶት ነበር?» ብላቸው ፊታቸው በራ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነገ መድኃኔዓለም መሆኑን ሊያረጋግጡ ፈልገው «እስቲ ቀኑን እዪልኝ» ብለዋታል የልጅ ልጃቸውን። እሷም ቀን መቁጠሪያውን ከፍታ «2023» ብትላቸው፣ «ኧረ ምን ሆነሻል፣ 2016 ነው እንጂ!» አሏት። ልጅቷ ደግሞ እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ አያቷን ደስ ለማሰኘት የማታደርገው የለም፤ የይለፍ ቃሉንም ታውቃለች። «አስተካከለችልኝ፣ ተባረኪ ብያታለሁ» አሉኝ። ምን እላለሁ? «ደግ አደረገች» ብዬ ዝም አልኩ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስነግራት ግን ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የደብረ ማርቆሷን ልጅ በፎቶ ብቻ ነው የምታውቃት፤ ሆኖም እህቴ ነው የምትላት። «ግን እኮ አያቴ ልክ ናት፣ 2016 ነው» አለችኝ። ልክ ናቸው።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ማርቆስ ደወልኩ። በአራተኛው ሙከራ ገባልኝ። የማረጋገጫው ቁጥር የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ አንዱን ፊደል በአንድ የከተማ ስም እያስረዳኋት፣ በደብተሯ ጽፋ ሁለት ጊዜ መልሳ አነበበችልኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ ስነግራት «እናንተም አገር ኔትወርክ ይጠፋል እንዴ?» አለች። አልጠፋም ነበር ብዬ ብጀምርም መስመሩ ተቋረጠና ሳልጨርስላት ቀረሁ። ቀሪውን የሰማችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ልጄ ለታንክስጊቪንግ ሲመጣ ከወረቀቱ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መጀመሪያ፦ ዓመቱ ስንት ነው?» ብሎ ጨመረበት። ለአማቴ ደግሞ የአገራችንን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ከኦክላንድ ገዝተን ከላፕቶፑ በላይ ሰቀልንላቸው። ከላይ 2016፣ ከታች 2023፤ ሁለቱም በየቤታቸው።

ውጤቱ በሜይ 2024 ሲወጣ ቁጥሩን አስገብቼ አየሁ። አልወጣላትም። ለዓመቱ ዕጣ የተመደበው ቪዛ እስከ 55,000 ቢሆንም የሚሞላው በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ቢሆንም ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ደውዬ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

«ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን ቀን እየው» አለችኝ።